ብትቆም ደረቷ የሚደርስ ውሃ

አዲስ አበባ፣ ቦሌ ሩዋንዳ
እሑድ፣ ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርህ ባለቤቴ ለአብዱራሕማን፣
ጅቡቲ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካትሁ። ወገብህ እንዴት ሆነልህ? ሙቀቱስ ትንሽ በረድ አለላችሁ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ማለቴ ጤናችን ደህና ነው። ሌላው ደህና ቢሆን ኖሮ ብዕር አላነሳም ነበር።

«በስልክ ዘመን ምን ደብዳቤ አመጣው?» ትል ይሆናል። አንተዬ፣ ስልክማ ድምፁን ለቀህ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠህ ነው የምታወራው፤ እኔ እዚህ ሳስነጥስ እዚያ ያለ ሹፌር ሁሉ «ይማርሽ» ይለኛል። የድምፅ መልእክት ብልክልህ ደግሞ ሰምተህ ሳትጨርስ ለአማችህ ለሰዲቅ አባት ታስተላልፈዋለህ። ጓደኛህ ነው፣ ብዙ መንገድ አብራችሁ ያሳለፋችሁ ሰው ነው፣ አውቃለሁ። ይሄ ግን ስለ ልጁ ስለሆነ ለእሱ አይደለም። ሹፌሩ ሙስአብ ነገ ጭነት ሊያነሳ ወደ አንተ ስለሚወርድ በእጁ ሰድጄልሃለሁ። ብቻህን አንብበው፤ ሳትጨርስም ለማንም እንዳትደውል።

ሐሙስ የሰዲቅ አባት ይደውልልሃል። «ለኒካሁ መምጣት ካልቻልክ ለአንድ ሰው ውክልና ስጥና እኛ ከረመዳን በፊት እንጨርሰው» ሊልህ ነው። በአላህ ይሁንብህ፣ እሺ እንዳትል። ለምን እንደሆነ ልንገርህ፤ ግን ምሳ ሳትበላ ከሆነ ብላና ተመለስ። እኔ ከትናንት ጀምሮ እህል አልወርድ ብሎኛል።

አሁን ሸገር ላይ ሠርግ ብቻውን ሠርግ አይባልም። ከሠርጉ በፊት «ፕሪ ዌዲንግ» የሚሉት ቪዲዮ አለ፤ እሱን አዳራሹ ውስጥ በትልቅ ስክሪን ካላሳየህ እንግዳው እንደተራበ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የሲኤምሲዋ ጎረቤታችን ልጅ በፈረስ ተቀረጸች፤ ፈረሱ ቬሎዋን በላው። ሌሎቹ ቦሌ መድኃኔዓለም ጋ ፎቅ ጣሪያ ላይ ወጥተው በድሮን ተነሱ፤ ሙሽራው ከፍታ ይፈራ ኖሮ በፎቶው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኗል። ያንተ አማች ታዲያ ከሁሉ በላይ ካልሆንኩ አለ። «ማንም ያልሠራው ይሆናል፣ ማዘር» አለኝ። ማዘር ነው የሚለኝ። «ውሃ ውስጥ ነው የምንቀረጸው። ስኩባ ዳይቪንግ!»

እኔ መርከብ ላይ የሚሠራ ነገር መስሎኝ ነበር። ለካ አየር በጀርባ አዝሎ ውሃ ውስጥ መጥለቅ ነው፤ ቢሾፍቱ አንድ ሎጅ ሐይቁ ዳር ለጀማሪ ያስተምራሉ። ውሃው ወገብ፣ ደረት ብቻ የሚደርስበትን ቦታ በገመድ ከልለውታል፤ ከገመዱ ወዲያ ገደል ነው አሉ። አስተማሪዋ ሰምሃር ትባላለች፣ ምጽዋ ያደገች፣ ሣቂታ ልጅ ናት። ሴት መሆኗን ስሰማ እሺ አልኩ። ሳጂዳም «ኡሚ፣ ትንሽ ነው፣ ደስ ይበለው» አለች። ልጃችንን ታውቃት የለ? ራሷን ሲያማት እንኳ «ደስ ይበላችሁ» ብላ ትስቃለች።

ቅዳሜ ጠዋት ሄድን፦ ሳጂዳ፣ ሰዲቅ፣ እናቱ ኑራ፣ ካሜራ የያዘው ልጅና እኔ። ቦታው ከሩቅ ሲያዩት ጀነት ነው። ሲጠጉት የጫት ገረባ፣ የሐይላንድ ላስቲክ፣ አንዱ ቤተሰብ ጥሎት የሄደ የሕፃን ዳይፐር እያበጠ ይንሳፈፋል። ውሃው እንደ ከረመ ጎመን አረንጓዴ ነው፤ እግርህን ስታስገባ ከሥር የሚያዳልጥ ንፍጥ የመሰለ ነገር ይጠቀለልብሃል። ኤጭ! እኔ ጫማዬን መልሼ አደረግሁ።

የሚለበሰው የጎማ ልብስ ደግሞ! ገመድ ላይ ተሰጥቷል፤ ስጠጋው የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ሸተተኝ። ሰምሃርን ጠየቅኋት።

«ይታጠባል፣ እትዬ» አለች፤ ከዚያ አላስቻላትም፣ ሣቀች። «እንዲያው ሰው ውሃ ሲገባ... ይበርደዋል። አንዳንዱ ትንሽ ይለቃል።»

«የሰው ሽንት ልጄ ልትለብስ ነው?»

«ሁለቴ አጥቤዋለሁ፣ ወላዲቷን!»

አየር የሚሳብበት ላስቲክ አለ፣ በጥርስ የሚነከስ። ስንት አፍ የነከሰው! እሱንም ዋጥኩት። ግን መነጽሩ እንዳይደበዝዝ ውስጡን በምራቅ ያሹታል። የየራሱን ማለት ነው፤ ሰምሃርም እንዲያ ነው ያስተማረችው። ሰዲቅ ግን የልጃችንን መነጽር ነጥቆ፣ ካሜራውን ወደ ራሱ አስዙሮ፣ «ፍቅር ማለት ይሄ ነው!» ብሎ ጢቅ አደረገበትና ፊቷ ላይ ለጠፈው። ኑራ እየሣቀች አጨበጨበች። ሳጂዳም ሣቀች፤ ሣቋ ግን ጥርስ ላይ የቀረ ነበር። እኔ ዞር ብዬ «አዑዙ ቢላህ» አልኩ።

እስከዚህ ድረስ ያለው የኔ መጸየፍ ብቻ ነው፤ «ፈዲላ ድሮም ተጸያፊ ነሽ» ብለህ ልታልፈው ትችላለህ። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን ቀስ ብለህ አንብብልኝ።

ሰምሃር ጠዋቱን ሙሉ አስተማረቻቸው። ተንበርክከው መተንፈስ፣ መነጽር ውስጥ የገባ ውሃ ማስወጣት፣ የእጅ ምልክት። «መዳፋችሁን ዘርግታችሁ እንዲህ ካወዛወዛችሁ ችግር አለ ማለት ነው» አለች። «ያን ያየ ሰው ሌላውን ሁሉ ትቶ ጓደኛውን ይዞ ይነሳል።» ደጋግማ አስደረገቻቸው። ሰዲቅ ከሁሉ ቀድሞ ነው የያዘው፤ ጎበዝ ነው፣ አይካድም። «ደግሞም አትፍሩ» አለቻቸው፣ «እዚህ ቦታ ማንም ጀማሪ ቢደነግጥ መፍትሔው አንድ ነው፤ መቆም ብቻ። ስትቆሙ ጭንቅላታችሁ ውጭ ነው።»

ከዚያ ሳጂዳ በጎማው ልብስና በጎማው ኮፍያ ላይ ነጩን ቀሚስና ረጅሙን ሻሽ ደረበች። ሻሹ ውሃው ውስጥ እንደ ጭስ እንዲንሳፈፍ ነው የተፈለገው። ገቡ። ሰምሃር አጠገባቸው ነበረች፤ ሰዲቅ ብቅ ብሎ «ፍሬም ውስጥ እየገባሽብን ነው፣ ፈቀቅ በይ» አላት። ሁለቴ ነገራት። ፈቀቅ አለች።

እኔ ዳር ላይ ሆኜ አረፋ ነበር የማየው። ከዚያ የሳጂዳ እግር ውሃውን መታው። ኑራ «ውይ ስታምር፣ እየዋኘች ነው» አለች። እኔ ግን ያን እግር አጥቤ ያሳደግኩት ነው፤ ዋና እንዳልሆነ አወቅኩ። «ሰምሃር!» ብዬ ስጮህ ልጅቱ ቀድማኝ ገብታ ነበር። ይዛት ቆመች። እውነትም ውሃው ደረቷ ላይ ነበር። ልጄ አረንጓዴ ውሃ ከአፏም ከአፍንጫዋም እየወጣ ታስላለች፤ ሻሹ የአየሩን ላስቲክ ከአፏ ጎትቶ አውጥቶታል።

ሰዲቅ ምን አለ መሰለህ? «ሜካፑን አስተካክሉላትና አንዴ እንድገመው፤ ጸሐይዋ ሳትሄድ!»

ሰምሃር ሣቂታው ፊቷ ጠፋ። «ምልክት ሰጥታህ የለ?»

«አይቼዋለሁ። ትንሽ ሴኮንድ ነበር የቀረን።»

«እጅህ ትከሻዋ ላይ ምን ይሠራል?»

«እንዳትነሳ ነዋ! ተነስታ ቢሆን ሾቱ በሙሉ ይበላሽ ነበር።»

አብዱራሕማን፣ አልደበቀም እኮ። አላፈረም። ዕቃ እንዳይወድቅ ደገፍኩ እንደሚል ሰው ነው የተናገረው። ቢዋሽ ይሻለኝ ነበር፤ የሚዋሽ ሰው ቢያንስ መጥፎ መሆኑን ያውቃል።

ምሳ ላይ ካሜራማኑ ኮምፒውተሩን ከፈተ። ዓሣ ጥብስ ፊታችን ቀርቧል። እኔም አየሁት። ልጄ መዳፏን እያወዛወዘች፣ አንድ ጊዜ፣ ደግማ፣ ዓይኗ በመነጽሩ ውስጥ ተጎልጉሎ። ወደ ላይ ስትገፋ የእሱ እጅ ትከሻዋን ወደ ታች። በሌላው እጁ ወደ ካሜራው እያመለከተ። ማንም ሰው ቆሞ የሚወጣበት ውሃ ውስጥ ልጃችንን ያስቀራት ያ እጅ ብቻ ነው።

እሱ ዓሣውን እየጋጠ «እዚህ ጋ ስሎው ሞሽን አድርግበት፣ የነሺዳ ዜማ ደርብበት፤ ስትንፈራገጥ ዳንስ ትመስላለች» አለው። ዘይቱ በአገጩ ይወርዳል። ኑራም «ደረቷን በማይሞላ ውሃ ይሄ ሁሉ ወሬ! ደግሞ ሙሽራ ትንሽ መፍራት ያምርባታል» አለች። ተነስቼ ከሎጁ ጀርባ ሄጄ የጠጣሁትን ሻይ አስመለስኩ። ሰው ሰውን ሲቀፍፈው እንዲህ እንደሚያደርግ አላውቅም ነበር። ያ ዳይፐር፣ ያ የሸተተ ልብስ፣ ሁሉም ከዚያ ጠረጴዛ ይልቅ ንጹሕ ነው።

ሰምሃር ተከትላኝ ውሃ አመጣችልኝ። «ብርዎን እመልሳለሁ፣ እነሱን ግን ሁለተኛ አላስገባም» አለች።

መመለሻው ላይ ሳጂዳ መንገዱን ሙሉ በመስኮት ታይ ነበር። ሰዲቅ መሪ ይዞ ስለ አዳራሹ መብራት ያወራል። ቤት ገብተን ፀጉሯን ሳጥብላት ነው የተናገረችው።

«ኡሚ፣ ኒካህ ላይ ልጅቷ ዝም ካለች እሺ ብላለች ነው አይደል የሚባለው?»

«አዎ። ዓይን አፋርነቷ ነው ተብሎ።»

«ሰዲቅም እንደዚያ አለኝ። ‹ችግር ቢኖር ትናገሪ ነበር› አለኝ፣ ቅድም ደውሎ። አፌ ውሃ ሞልቶት ነበር እኮ።» ቀጠለችና «ዝም አልልም» አለች። «ግን አባዬ ውክልናውን ከሰጠ ማን ይጠይቀኛል? እነሱው ጠያቂ፣ እነሱው መላሽ።»

ልጃችን ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ሻምፖ በዓይኗ እንዳይገባ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ይዤላት ስለነበር ፊቷን አላየሁም።

አውቃለሁ፣ ቀላል አይደለም። ካርዱ ታትሟል፤ ከደሴ የሚመጣው ዘመድ ትኬት ቆርጧል። ጓደኛህም ይቀየምሃል፤ «በጨዋታ ነገር ሠርግ አፈረሱ» ይባላል። ኑራ ዛሬ ጠዋት ደውላ ጀምራዋለች፤ ከሱቄ ፊት ለፊት ያለችው ሽቶ ሻጭ ሳይቀር ሰምታ ልታባብለኝ መጥታ ሽቶ ሸጣልኝ ሄደች። ይባል። ወሬ ገላ ላይ አይቀርም።

ሐሙስ ሲደውልልህ «ልጄን ሳልጠይቅ ቃል የለኝም» በለው። ለማንም ውክልና አትስጥ። መምጣት ከቻልክ መጥተህ ፊት ለፊት ጠይቃት። ካልቻልክ ለእሷ ደውል፤ እኔን በመሀል አታስገባኝ። «እንዴት ነሽ፣ ደህና ነሽ» ብለህ እንዳትዘጋው። ጠይቃትና እስክትመልስ ጠብቅ። ብትዘገይም ጠብቅ። ዝምታዋን ማንም እንዲተረጉምልህ አትፍቀድ፤ እኔም ብሆን።

አንተ ክፉ ሰው አይደለህም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እጅህን አንስተህብኝ አታውቅም፤ ጎረቤት ሁሉ ይመሰክራል። ግን ኮምቦልቻ፣ በአባቴ ጓዳ፣ የኛ ኒካህ ቀን እኔም ዝም ብዬ ነበር። አክስቴ ወደ ወንዶቹ ወጥታ «ዝም ብላለች» ስትል ፋቲሃው ተቀራ፤ ተምር ሲበተን ሰማሁ። ቢጠይቁኝ ምን እል እንደነበር አንተም ጠይቀኸኝ አታውቅም። አሁን ለእኔ አልፏል፤ ይህንም የጻፍኩት ለእሷ ስል ነው።

አላህ ወገብህን ያበርታልህ፤ ከባሕር ሙቀትም ከመንገድ አደጋም ይጠብቅህ፤ ያገኘኸውን ሐላል ያድርግልህ። ለልጃችንም ስትታገል እጁን የሚሰጣት ሰው ያዘጋጅላት፤ እስከዚያው አባቷን ያቆይላት። አሚን።

የሳጂዳ እናት
ፈዲላ