የሊድያ እናት የወይዘሮ ሸዋዬ ውዱ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ሸዋዬ ከአባታቸው ከአቶ ውዱ አስረስ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ትርንጎ ካሳው በ1961 ዓ.ም. ሮቢት ተወለዱ። እስከ ስድስተኛ ክፍል እዚያው ተምረው በ1977ቱ ድርቅ ትምህርታቸውን አቋረጡ። ይህ ነገር ዕድሜ ልካቸውን ሲቆጫቸው ኖሯል።

በ1984 ዓ.ም. ከአቶ ሙሉጌታ ደርሶ ጋር ትዳር መሥርተው ሰለሞንንና ሊድያን ወለዱ። ባለቤታቸው በ2003 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ቆቦ ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም እየነገዱ ልጆቻቸውን ለብቻቸው አሳደጉ። ተጫዋች ነበሩ፤ ሽንኩርቱን እያገላበጠ የሚያጣጥልባቸውን ገበያተኛ በነገር ጠቅ ሳያደርጉ አይሸኙም ነበር።

ሊድያ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ዓለም አቀፍ ልማት ስታጠና፣ አንዱን ዓመት ውጭ አገር እንድትማር ተመርጣ በ2017 ዓ.ም. መስከረም ላይ ወደ ኖርዌይ ሄደች። ወይዘሮ ሸዋዬ ደስታቸውን የሚያደርጉበት አጡ። ጥናቷ የራያ ገበሬ የክረምቱን ጎርፍ ጠልፎ ማሳውን ስለሚያጠጣበት ልማድ ስለነበር፣ በስልክ የጠየቀቻቸውን ይዘው ጎብዬ ድረስ እየሄዱ፣ ውሃውን ለገበሬው የሚያከፋፍሉትን የውሃ አባቶች ጠይቀው ይመልሱላት ነበር። ያቋረጡትን ትምህርት ገና አሁን እንደቀጠሉት ለጎረቤቱ ሁሉ ያወሩ ነበር።

ጥር ላይ ኩላሊታቸውን ታመሙ። ወልድያና ደሴ ሲታከሙ፣ ልጃቸው ትምህርቷን ጥላ እንዳትመጣ ሕመማቸው እንዳይነገራት ቤተሰቡን በማርያም ገዘቱ። ሊድያ በቪዲዮ ስትደውል ጎረቤታቸው ወይዘሮ ሳሊሀ ሙሀመድሰይድ ፀጉራቸውን አበጥረው፣ ሻሽ አስረው፣ ትራስ ደግፈው ቀና ያደርጓቸው ነበር። ፊታቸው እየከሳ ሲሄድ ግን ኔትወርክ የለም እየተባለ በድምፅ ብቻ ተገናኙ። ልጅቱም አመነች፤ ቆቦ ኔትወርክ ጠፋ ቢባል ማን ይጠራጠራል?

ወይዘሮ ሸዋዬ ግንቦት 13 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ56 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ከሁለቱ ልጆቻቸው ከቀብራቸው የቆመው ሰለሞን ብቻ ነው። ሊድያ በመንገድ ላይ ናት። የተነገራት እናቷ መታመማቸው ብቻ ነው፤ መድኃኒት ገዝታ እየመጣች ነው።

ወዳጅ ዘመዶች ሆይ፣ ነገ ማለዳ ሽማግሌዎች መርዶዋን እስኪነግሯት ድረስ የዚህን ቀብር ፎቶ በፌስቡክ እንዳትለቁባት ቤተሰቡ እግራችሁ ሥር ወድቆ ይለምናችኋል።

እግዚአብሔር የወይዘሮ ሸዋዬን ነፍስ ከደጋግ እናቶች ጎን ያሳርፍ፤ ለሊድያም ነገ የምትሰማውን የምትችልበት ልብ ይስጣት።