ጠርዙ የጎደለ ኅብስት

ጥቅምት 12

«ልጅዎ ትጸልያለች፣ ትሠራለች፣ ትታዘዛለች። ስትሳሳት ግን ለራሷ ምሕረት የላትም። ለራሱ ምሕረት የሌለው ሰው ነገ ለእኅቶቹም አይኖረውም። ስለዚህ ለጊዜው አንቀበላትም።»

ቃል በቃል ይኸው ነው። የካቶሊክ ደናግል ማኅበር አለቃ ሲስተር መቅደላዊት ዛሬ ከሰዓት፣ እንጦጦ ሥር ባለው ቤታቸው፣ ሻይ ቀድተውልኝ የተናገሩት። መኪና ውስጥ እንደገባሁ ጻፍኩት፣ አንድ ቃል እንዳያመልጠኝ።

ምን ማለት ነው? ልጄ ጠንቃቃ ስለሆነች ወደቀች?

ጥፋቷን ጠየቅኩ። ለሙከራ አብራቸው በቆየችበት ጊዜ ለቅዳሴ የሚሆነውን ስስ ኅብስት እንድትጋግር አዘዟት። ጠርዙ ትንሽ ጎደለ ብላ የቀኑን ሥራ በሙሉ ለዶሮ ሰጠች። ከዚያ ማልቀስ... እራት አልበላም ማለት። እና? ዕድሜዬን ሙሉ ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ተቆጣጥሬያለሁ። የጎደለ ዕቃ ከበር አይወጣም!

ልጄ ሶሬቲ ሲ.ኤም.ሲ ቤታችን እስክንደርስ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ተቀመጠች።

ጥቅምት 13

የሚገርመው፣ አትሂጂ ስል የኖርኩት እኔው ነኝ። ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። እናቷ ካረፈች ወዲህ ቤቱ የሁለታችን ነው። አንቀበላትም ሲሉኝ ደስ ሊለኝ አይገባም ነበር? ደሜ ነው የፈላው።

ለሲስተር ደብዳቤ ጻፍኩ። መመዘኛዎቹ በጽሑፍ ይገለጹልኝ። እስከ ጥቅምት 30 መልስ ይሰጠኝ። ግልባጭ ለሀገረ ስብከቱ።

ጎረቤቴ ተክለብርሃን አነበበው። ኦርቶዶክስ ነው፣ ግን በእኛ በካቶሊኮቹ ጉዳይ ሁሉ አስተያየት አለው።

«ዋቅጅራ፣ ለመንፈስ ቅዱስ ግልባጭ ረሳህ እኮ።»

አልሳቅኩም። እሱ ከሄደ በኋላ ግን... ትንሽ።

ጥቅምት 20

ምሳ ላይ ነገሩን ለሶሬቲ አነሣሁላት።

«ሲስተር ትክክል ናቸው፣ አባዬ።»

«ምናቸው ነው ትክክል?»

ሳህኑን እያየች፦ «ስሳሳት እግዚአብሔር የሚያየኝ አይመስለኝም። አንተ ነህ የምታየኝ።»

«እና አሁንም መሄድ ትፈልጊያለሽ?»

«ከምንም ነገር በላይ። ግን እንዲህ ሆኜ አይደለም።»

ጎረስኩ። የሠራችው ወጥ ጨው በዝቶበት ነበር። አልተናገርኩም።

ጥቅምት 30

መልስ የለም።

ኅዳር 2

ሲስተር መቅደላዊት ደወሉ።

«አቶ ዋቅጅራ፣ ደብዳቤዎ ደርሶኛል። በጽሑፍ ከምመልስልዎ ቅዳሜ ሶሬቲን ይዘው ይምጡ። ሽርጥ አይርሱ።»

ሽርጥ? ለማን?

ኅዳር 4

ሾላ ገበያ ወርጄ ሽርጥ ገዛሁ። ስፌቱ ጠማማ ነው። መለስኩት። የቀየሩልኝም ጠማማ። ይሁን አልኩና ያዝኩት።

ኅዳር 6

ሽርጡ ለእኔ ነበር።

በደናግሉ ቤት ጠባብ ክፍል፣ እንደ መጽሐፍ የሚከፈትና የሚዘጋ የብረት መጋገሪያ፣ የዱቄት ሽታ። ሶሬቲ መጋገሪያው ጋ ቆመች። እኔን አንድ ትሪ ፊት አስቀመጡኝ። ቀዳሹ አባ በቅዳሴ ከፍ አድርገው የሚያነሡት ትልልቁ ኅብስት ነው።

«ጥራት ተቆጣጣሪ አይደሉ? ይምረጡልን» አሉ ሲስተር።

መረጥኩ። ይሄ ጎብጧል፣ ወደ ግራ። ይሄ ጠርዙ ተሸርፏል፣ ወደ ግራ። መሐሉ ላይ ስንጥቅ፣ ወደ ግራ። የግራው ክምር እያደገ፣ የቀኙ ባዶ ነው ማለት ይቻላል።

ቀና ስል ሶሬቲ ታየኛለች። ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። አለቀሰች ብዬ ደነገጥኩ። ሳቅ ነው! ግድግዳው ላይ ተደግፋ ሳቀች። ያቺ ሳቅ... እናቷ ካረፈች ወዲህ የት ነበረች?

«ምን ያስቅሻል?»

«አባዬ... አባ ሊቆርሱት እኮ ነው!»

«እና?»

«አንተ ተሰነጠቀ ብለህ ትጥላለህ፣ እሳቸው አንሥተው፣ ባርከው፣ ለሁለት ይቆርሱታል!»

ሲስተር በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። እኔ የተሰነጠቀውን እንደያዝኩ ቀረሁ።

በዚህ መሐል የሚቃጠል ነገር ሸተተን። ስትስቅ መጋገሪያውን ረስታዋለች። ከፈተችው፤ ኅብስቱ ጠቁሯል። እጇ ቆመ። ፊቷ ያንን የማውቀውን መልክ ሊይዝ ጀመረ። የሆነ ነገር ልል አፌን ከፈትኩ፣ ሲስተር ዓይናቸውን ጣሉብኝ፣ ዘጋሁት።

ከዚያ ያረረውን ለሁለት ሰበረችና ግማሹን ለእኔ ሰጠችኝ።

«መራራ ነው» አልኩ።

«በጣም መራራ ነው» አለች፣ እያኘከች። ብረቱን ጠረገችና ሌላ ሊጥ አፈሰሰች።

በቃ ይኸው ነው። እንባ የለም። እራትም በላች፣ ሁለት ጊዜ አስጨምራ።

ተመስገን።

ታኅሣሥ 21

ተቀበሏት! በስልክ ነው የነገሩኝ። በጽሑፍ ይሁን አላልኩም።

ደስ አለኝ። ከዚያ ክፍሏን አልፌ ስሄድ... አልጋዋን አየሁ።

ጥር 25

ዛሬ አደረስኳት። አንድ ሻንጣ። የባሕር ዛፉን መንገድ ቀስ ብዬ ነዳሁ፣ ከኋላ ያለው ሁሉ ጡሩንባውን እየነፋብኝ። ይንፉ!

በሩ ላይ ለምርቃት ተንበረከከች። አባቴ በኦሮምኛ ይመርቀኝ የነበረውን ሌሊቱን ሳጠና ነው ያደርኩት። መሐል ላይ ጠፋኝ። ከመጀመሪያው ጀመርኩ፣ እንደገና እዚያው ቦታ ጠፋኝ።

«አባዬ፣ ይበቃል። ደርሶኛል» አለች፣ እየሳቀች።

ሲስተር መቅደላዊትን እጅ ነሣሁ። ደብዳቤዬን አላነሡብኝም። ከልብ አመሰግናቸዋለሁ፤ ይህን ግን የምጽፈው እዚህ ብቻ ነው።

ቤቱ ጸጥ ብሏል። ይከብዳል። ግን የሸሸ ሰው የተወው ባዶ ቤት አይደለም... ተመርቆ የወጣ ሰው ቤት ነው። ተመስገን።

ሻንጣዋ ኪስ ውስጥ የከተትኳት ወረቀት ቅጂ ለማስታወሻ፦

«ለእኅት ሶሬቲ ዋቅጅራ። ያበላሸሽውን አንድ ሥራ፣ ከዚያም እንዴት እንደሳቅሽ፣ ሳይዛነፍ እስከ መጋቢት 30 ድረስ በጽሑፍ እንድታሳውቂኝ አጥብቄ እጠይቃለሁ። ግልባጭ፦ ለመንፈስ ቅዱስ።»