ለባለቤቴ የተላከው ፈቃድ

ለክቡር የዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ አገልግሎቶች ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ዓይንዎ ከስክሪን ብዛት እንዳይደክም፣ ወገብዎ ከወንበር ብዛት እንዳይጎብጥ፣ መብራትና ኔትወርክም ከቢሮዎ ለአፍታ እንዳይለዩ ከልብ እመኛለሁ። ስምዎን ጠርቼ ባለመጻፌ ይቅርታዎን እለምናለሁ። "የሥራ ኃላፊዎቻችን" የሚለውን የድረ ገጽዎን ክፍል በተጫንኩ ቁጥር "ገጹ በዝግጅት ላይ ነው" እያለ ስለሚመልሰኝ፣ ክቡርነትዎም በዝግጅት ላይ እንዳሉ ቆጥሬ ደብዳቤዬን በጋዜጣ ለማውጣት ተገድጃለሁ።

እኔ በሙያዬ አዋላጅ ነኝ። ባለቤቴ ደግሞ በዩኒቨርሲቲዎ ስለ ከርሰ ምድር ውኃ ያስተምር ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ባለ ቋጠሮ ገመዱን ይዞ በየሰው ግቢ እየገባ የጉድጓድ ውኃ ሲለካ ኖረ፤ ሰፈርተኛውም "ጉድጓድ ቆጣሪው" ይለው ነበር። የለካውን ሁሉ መጽሐፍ ሊያደርገው ጀምሮ፣ አንድ ምዕራፍ በጨረሰ ቁጥር እኔ ልብስ ሳጣጥፍ ያነብልኛል። አሥራ አንዱን ሰምቻለሁ። አሥራ ሁለተኛውንና የመጨረሻውን የጨረሰ ዕለት ግን ከሥራ ደክሞኝ ስለገባሁ "ነገ ታነብልኛለህ" አልኩት፤ በማግስቱ ሲያስተምር ጠመኔ እንደያዘ ወደቀና በዚያው ቀረ።

መሥሪያ ቤትዎ ከሦስት ዓመት በፊት "ወረቀት ይብቃ" በሚል ሥልጠና ሠራተኛው ሰነዱን ሁሉ ደመና የሚባል ቦታ ላይ እንዲያስቀምጥ ባዘዘው መሠረት፣ ባለቤቴ ደብተሮቹን አስወግዶ መጽሐፉንና የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልኬቱን ወደ ዩኒቨርሲቲው አካውንት አስገብቶ ነበር። "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" የሚለው ተረት ለማን እንደተተረተ የገባኝ ግን እሱ ሞቶ ወደ አካውንቱ መግቢያ ባጣሁ ጊዜ ነው። በድረ ገጽዎ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በደማቅ ቀይ የተጻፈው ማሳሰቢያ፣ የአንድ ሠራተኛ አካውንት ደመወዙ ከተቋረጠ ከዘጠና ቀን በኋላ ከነያዘው ሁሉ እንደሚጠፋ ይገልጻል። በድረ ገጽዎ ላይ ሳልፈልገው ያገኘሁት ነገር ይህ ብቻ ስለሆነ ላመሰግንዎ ይገባል፤ የቀረውን ምስጋናዬን ደግሞ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ መፈለጊያው ሣጥን አመሰግናለሁ። "የሞተ መምህር ፋይል" ብዬ ብጽፍ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ውጤት አቀረበልኝ፦ ወረቀት የነከሰ ማተሚያ ስለሚጠገንበት ዘዴ፣ ከስምንት ዓመት በፊት ስለተቋረጠ ኢንተርኔት የወጣ ይቅርታ፣ እንዲሁም ክቡርነትዎ ይሁኑ ሌላ ሰው ባላውቅም አንድ ባለ ከረባት ሰው ሪባን ሲቆርጥ የሚያሳይ ፎቶግራፍ። "የመምህር ሞት" ብዬ ባሳጥረው ደግሞ "ምንም አልተገኘም፤ እባክዎ በሌላ ቃል ይሞክሩ" አለኝ። እኔም ታዛዥ ነኝና በሌላ ቃል ሞከርኩ። ተለየ አልኩ፣ አለፈ አልኩ፣ በሕይወት የለም አልኩ። አረፈ ስል የዓመት እረፍት መጠየቂያ ቅጽ አወጣልኝ። አንዲት ሴት ባሏ መሞቱን በስንት ዓይነት ቃል እንድትጽፍ እንደሚጠበቅ ቢያሳውቁኝ ኖሮ ተዘጋጅቼ እመጣ ነበር።

፪ኛ. ስለ መንገዱ አመሰግናለሁ። "አገልግሎቶች" የሚለው ወደ "ለሠራተኞች"፣ "ለሠራተኞች" የሚለው ወደ "ከሥራ ሲለቁ"፣ "ከሥራ ሲለቁ" የሚለው ተመልሶ ወደ "አገልግሎቶች" ይወስዳል። ለእግር ጉዞ ጥሩ ነው።

፫ኛ. የእህቴ ልጅ፣ መድኃኒት ቀማሚዋ፣ በስድሳ አንደኛው ቀን ሰነዱን የምጠይቅበትን ትክክለኛ ቅጽ አገኘችልኝ። ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች ማለት ለእኔ ለአዋላጇ ያን ቀን ደረሰ። ቅጹ ሠራተኛው ከሥራ የተለየበትን ምክንያት ይጠይቅና ጡረታ፣ ዝውውር፣ የኮንትራት ማብቃት፣ የዲሲፕሊን ስንብት ከሚሉት አንዱን ያስመርጣል። ሞት የለም። ለካስ በመሥሪያ ቤትዎ ሰው ይባረራል እንጂ አይሞትም! የእህቴ ልጅ "አክስቴ፣ ዝውውር በይው፤ ጋሼም ተዛውሮ የለ?" ስትለኝ ሁለታችንም እስኪያመን ሳቅን፤ ከዚያ እሷ ቀድማ አለቀሰች። ዝውውርን ስንመርጥ ሲስተሙ የተዛወረበትን መሥሪያ ቤት አድራሻ ካልሞላን አላሳልፍ አለን። የመቃብሩን ረድፍና ቁጥር ጻፍኩ። በደስታ ተቀበለኝ፤ "መረጃዎ ተሟልቷል፤ በአዲሱ የሥራ ቦታዎ መልካም ዕድል እንመኛለን" የሚል አረንጓዴ ጽሑፍም አወጣልኝ።

፬ኛ. መልስ ሲጠፋ በአካል መጣሁ። ቢሮዎ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ "ጥያቄ የምንቀበለው በድረ ገጽ ብቻ ነው" የሚል ወረቀት በተለጠፈበት መስኮት ውስጥ እንደሚገኝ ድረ ገጽዎ ባይናገርም ጥበቃው ነግሮኛል፤ ወንበርም ስቦልኛል፤ እሱን ስለ ምን ዳይሬክተር እንዳላደረጉት አላውቅም። የመስኮቷ ሠራተኛ በትሕትና "እትዬ፣ እዚህ አናስተናግድም፤ 'ያግኙን' የሚለውን ይጫኑ" አለችኝ። 'ያግኙን' የሚለው ደግሞ አስቀድሞ በሠራተኛው የይለፍ ቃል መግባትን ይጠይቃል፤ እኔ የሌለኝም እሱ ነው። አልሸሹም ዞር አሉ ይሉታል እንዲህ ያለውን። በእኔ ሙያ አንዲት ሴት በሩን ገፍታ ስትጮህ ሮጠን እንወጣለን እንጂ በመስኮት ወረቀት አናስነብባትም። ስድስት ጊዜ ተመላለስኩ፤ ስድስቱንም ጊዜ በጨዋነት ተመለስኩ።

በዘጠና አንደኛው ቀን አካውንቱ ጠፋ። መሥሪያ ቤትዎ አንድ ነገር በቀጠሮው ቀን ሲፈጽም ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነውና ይህንንም ሳላደንቅ አላልፍም።

እስከዚህ ድረስ ክቡር ሆይ፣ እንደ ማንኛውም ሰው ተናድጄ ዝም ባልኩ ነበር። ነገር ግን ከሳምንት በኋላ ለሰባተኛ ጊዜ መጥቼ ከመስኮቱ ሥር አልነሣም ስላልኩ፣ ያቺው ሠራተኛ ጥያቄዬን ከመዝገቡ ፈልጋ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። ጥያቄው በገባ በሦስተኛው ቀን ተፈቅዷል። አዎ፣ ተፈቅዷል! ሰነዱን የማወርድበት አድራሻ ተዘጋጅቶ፣ የክፍሉ ኃላፊ አጽድቆት፣ በዚያው ቀን ተልኳል። ወዴት ተላከ ብዬ ስጠይቃት ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች፤ "መልሱ ለባለ አካውንቱ በዩኒቨርሲቲው ኢሜይል..." ካለች በኋላ ግን ስክሪኑን መልሳ ወደ ራሷ አዞረችው።

ለባለቤቴ ልካችሁለታል፣ ክቡር ሆይ። የአካውንቱ ቁልፍ እንዲሰጠኝ ብለምናችሁ ቁልፉን አካውንቱ ውስጥ ቆልፋችሁበት፣ ስልክ ቁጥሬን በቅጹ ላይ ሁለት ጊዜ አስጽፋችሁኝ ሳለ አንድም ሰው ሳይደውልልኝ፣ ሃያ ስድስት ቀን ሙሉ እዚያው ካቆያችሁት በኋላ ከመጽሐፉ ጋር አጠፋችሁት። እኔ በእነዚያ ሃያ ስድስት ቀናት በእናንተ መስኮት ሥር ቆሜ ነበር። የእምቢታ ደብዳቤ ቢደርሰኝ እንዲህ ባልተቃጠልኩ፤ እምቢ ያለኝ ሰው እኮ የለም።

የጠፋው መልሶ ይገኝ እንደሆነ ስጠይቅ "ሲስተሙ አይፈቅድም" ተብያለሁ፤ ስለዚህ ከክቡርነትዎ የምለምነው ነገር የለኝም። ባለቤቴ የመጨረሻውን ምዕራፍ ምን ብሎ እንደጨረሰው ሳላውቅ እሞታለሁ። ነገ ታነብልኛለህ ያልኩት እኔ ስለሆንኩ የራሴን ድርሻ እወስዳለሁ፤ የእናንተን ድርሻ ግን አልሸከምላችሁም።

ለመሥሪያ ቤትዎ ቅልጥፍና፣ ለድረ ገጽዎ ስፋትና ለመስኮትዎ ጥበት ካለኝ ወደር የለሽ አድናቆት ጋር፣

በመዝገብዎ ላይ "ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት የተዛወረ" ተብሎ የሚገኘው መምህር ሚስት

ማስታወሻ፦ "የይለፍ ቃልዎን ለማንም፣ ለትዳር ጓደኛዎም ቢሆን አይንገሩ" የሚለው መመሪያዎ በባለቤቴ ጠረጴዛ ላይ ተለጥፎ አግኝቼዋለሁ፤ ትእዛዝዎን ቃል በቃል ያከበረ አንድ ሠራተኛ እንደነበረዎት ይወቁልኝ። እርስዎ ግን የትዳር ጓደኛዎን የሚወዱ ከሆነ ዛሬውኑ ይንገሯቸው። ሰው ነዎትና የእርስዎም ደመወዝ አንድ ቀን ይቋረጣል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ዘጠና ቀናት ብቻ ናቸው።