ያንን ዱላ ሳትገዛው

ውድ ሁመዴ፣

ይህን ደብዳቤ ልጅህ አማል ታደርስልኛለች። ዛሬ ከሰዓት፣ ወደ አንተ ልትመለስ ስለሆነ፣ ልትሰናበተኝ መጥታ «ለአባትሽ የምልከው ወረቀት አለኝ» ስላት ሳቀችብኝ። «ጋሼ፣ ስልክ እያለ ደብዳቤ?» አለች። እውነቷን ነው። በስልክ ግን አንተ አታስጨርሰኝም፤ እኔም ድምፅህን ስሰማ ልናገር ያሰብኩት ይጠፋኛል።

እሁድ ከዱባይ ደውለህ «ስማ አንተ ሰውዬ፣ ወንድሙን አገኘሁልህ!» አልከኝ። አምና ያመጣህልኝን ሃይብሪድ ማለትህ ነው፤ ያንን ከብረቱም ከእንጨቱም የተዳቀለውን የጎልፍ ዱላ። ሦስት ቁጥሩን ሰጥተኸኛል፣ አሁን ደግሞ ሁለት ቁጥሩን ልትጨምርልኝ። እኔ ምን አልኩህ? «ኧረ ምንም አልፈልግም፣ አንተ ብቻ በሰላም ና!» መቼም ያገራችንን ነገር ታውቀዋለህ። ከውጭ ለሚመጣ ሰው ይህን አምጣልኝ ማለት ነውር ነው፤ ያመጣውን አልሆነኝም ማለት ደግሞ የባሰ ነውር። አንተም «ምንም አልፈልግም» ስልህ «እሺ ብሏል» ብለህ ስልኩን ዘጋህ።

ሁመዴ፣ አምና ያመጣኸው ዱላ አልሆነኝም።

ይኸው ጻፍኩት። የዱላው ፊት ቀጥ ያለ ነው፤ ኳሷን ከመሬት ለማንሳት ፈጣን ክንድ ይፈልጋል፤ ሁለት ቁጥሩ ደግሞ ከዚህም የባሰ ቀጥ ያለ ነው። ዘንጉም ድርቅ ያለ፣ እንቢ ባይ ነው፤ ለጎረምሳ የተሠራ ዕቃ ነው። እኔ ስመታው ኳሷ ሣር ለሣር እየሮጠች ሄዳ ቁጥቋጦ ውስጥ ትገባለች። አንተ ደግሞ በደወልክ ቁጥር «ዱላው እንዴት ነው?» ትለኛለህ፣ እኔም «ጥይት ነው!» እልሃለሁ። ባለሙያዎቹ የሚይዙትን አይተህ እንደመረጥክልኝ አውቃለሁ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች፤ ዶሮዋ እኔ ነኝ።

በእርግጥ አልፈርድብህም። አንተ የገዛኸው ትተኸው ለሄድከው ሰው ነው፤ ከሜዳው ወንዝ ወዲህ ቆሞ ኳሷን ዛፉን አሳልፎ ለሚያስቀምጠው ኃይለመለኮት። ያ ሰውዬ አሁን የለም። ባለቤቴ ወለተሰንበት ካረፈች ወዲህ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዬን ነኝ። ጠዋት ደረጃውን ስወርድ ማታ እንዴት እንደምወጣው እያሰብኩ ነው። ቀኝ ትከሻዬ ከጆሮዬ በላይ አልሄድም ካለ ቆየ። «እርጅና ብቻህን ና» ይሉ ነበር አባቴ፤ እኔ ጋ ግን ጓዙን ሁሉ ጭኖ ነው የመጣው። ደክሞኛል ሁመዴ። ከቤት የሚያስወጣኝ ነገር ቅዳሜ ቅዳሜ የጎልፍ ሜዳው ብቻ ነበር፤ እሱም በየሳምንቱ የማፍርበት ቦታ ሆነ።

ስለዚህ አንተ ከመምጣትህ በፊት ልተወው ወሰንኩ። ከነዱላህ ፊትህ ቆሜ ኳሷን ሣር ለሣር ከማስሮጥ፣ «ሐኪም ከልክሎኛል» ብዬህ መቅረቱ ቀለለኝ። ያለፈው ቅዳሜ ቦርሳዬን ተሸክሜ ወደ ሜዳው ሄድኩ። ገዢ ፈልጉልኝ ልል ነበር።

ወይዘሮ ሸዋዓለም መለማመጃው ላይ ነበሩ። አታውቃቸውም፤ ከእኛ ብሎክ ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩ፣ ከባንክ ጡረታ ወጥተው ጎልፍ የጀመሩ ሴት ናቸው። አንድ ጊዜ ይስታሉ፣ አንድ ጊዜ ይመታሉ፣ ሁለቱንም ጊዜ ይስቃሉ።

«ጋሽ ኃይለመለኮት፣ ምነው ቦርሳውን እንደ ሬሳ ተሸከሙት?» አሉኝ።

«ትከሻዬን አሞኝ ነው።»

«ይልቅ ይቺን ይሞክሯት።» ሃይብሪዳቸውን ዘረጉልኝ።

«የሴት ዱላ አይደለም እንዴ?»

«ታዲያ ኳሷ ምን አውቃ!»

ለይሉኝታ ብዬ ተቀበልኳቸው። ዱላው ስድስት ቁጥር ነው። ራሱ ሰፋ ብሎ ክብደቱ ወደ ታችና ወደ ኋላ ያመዝናል፣ ፊቱ ጋደል ያለ ነው፣ ዘንጉ ቀላልና እሺ ባይ። እንደ ነገሩ መታሁ። ኳሷ ተነሳች። ወጣች፣ ወጣች፣ ከዛፎቹ በላይ ጥቂት ቆየችና ቀስ ብላ ወረደች። እንዲህ ስትወርድ ካየሁ ስንት ጊዜዬ! ሌላ ኳስ ጠየቅኩ፣ ከዚያም ሌላ። ኋላ ላይ ወይዘሮ ሸዋዓለም «ኧረ ዱላዬን!» ማለት ጀመሩ። ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ከፋኝ፤ እጄ የተስማማው ከጀማሪ ዱላ ጋር መሆኑ ከነከነኝ። መንገዱን ሁሉ እንዲህ ደስ እያለኝና እየከፋኝ ልደታ ድረስ በእግሬ መጣሁ። ቦርሳዬንም ሳልሸጠው ይዤው ተመለስኩ።

ከዚያ በማግስቱ ነው አንተ የደወልከው። ሁሉን ልነግርህ አፌን ከፍቼ ነበር። «ወንድሙን አገኘሁልህ» ስትል ተዘጋ።

ዛሬ አማልን «አባትሽ እንዴት ይጫወታል?» ብዬ ጠየቅኳት። አንተ እኔን «እንደ ድሮዬ ነኝ» ነው የምትለኝ። እሷ ግን ሳታስብ ስልኳን አውጥታ ቪዲዮ አሳየችኝ። አንተ ነህ፤ ያንኑ ደረቅ ዱላ፣ የኔን መንታ ይዘሃል። መታህ፤ ኳሷ ሣር ለሣር ሮጠች። ወገብህን ይዘህ ጎንበስ አልክና ለካሜራው ሳቅክ። ያን ሳቅ አውቀዋለሁ፤ እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ የምስቀው እሱን ነው።

ስለዚህ እባክህ ሁለት ቁጥሩን አትግዛ። ነውሩን ዋጥ አድርጌ ይህን አምጣልኝ እልሃለሁ፤ ስድስት ቁጥር፣ ራሱ ሰፊ፣ ዘንጉ ለአዛውንት የሚባለው። ሻጩ የሴቱ ይሻልሃል ካለህም አትከራከረው። ለራስህም እንደዚያው ግዛ። ለነበርነው ሳይሆን ለሆንነው ሰዎች ግዛ።

ሁለት ካላገኘህ አንድ ይበቃናል። ልደታ ኮንዶሚኒየም ሳይሠራ፣ የድሮው ሰፈር እያለ፣ የጎልፍ ተጫዋቾችን ቦርሳ ተሸክመን ስናድግ አንድ የተጣለ የብረት ዱላ አልነበረንም? አጥር ጥግ እየተቀባበልን አልነበር የተማርነው? ማን ይቅደም ብለን ስንደባደብ አፍንጫህን ያደማሁት ትዝ ይልሃል?

በሰላም ና። ቅዳሜ ጠዋት ታች ደረጃው ሥር እጠብቅሃለሁ። አሁን አልጣላህም፤ ቀድመህ አንተ ትመታለህ።

የደከመው ወንድምህ
ኃይለመለኮት
ልደታ