በእማዬ ቁጥር የምትገዛው ዳቦ

ይድረስ ለወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እንቅልፍስ ይወስድሃል? ያ የሚነዘንዝህ ጥርስ ተሻለህ ወይስ አሁንም በአንድ ጎን ነው የምታኝከው? እኛ የእማዬ ጉልበት ደረጃ ባየ ቁጥር ከማጉረምረሙ በስተቀር ሁላችንም ደህና ነን።

ይህ ደብዳቤ ዳቦ ከምትገዛበት ሱፐርማርኬት ካሸር እጅ ሲደርስህ አትደንግጥ። ስልክህን ዘግተህ ድምፅህን ካጠፋህ ወራት አልፈዋል፤ የት እንዳረፍክም የነገረኝ የለም። ከየትኛው ሱፐርማርኬት እንደምትገዛ ግን አውቃለሁ። ስለዚህ ፖስታው ላይ የቅርንጫፉን አድራሻና የእማዬን ስልክ ቁጥር ጻፍኩና “በዚህ ቁጥር ነጥብ ለሚጠቀመው ረጅም ልጅ ይሰጥልኝ” ብዬ ላክሁት።

እንዴት እንዳወቅን ልንገርህ። ዕቃ በገዛን ቁጥር የሚሰጡን ነጥብ በእማዬ ስልክ እንደሚጠራቀምና ሲበረክት እንደ ገንዘብ እንደሚከፈልበት መቼም አንተም አልረሳኸውም። ከሄድክ በኋላ አንድ ቀን ጠዋት ነጥብ ተቀነሰ የሚል መልእክት መጣላት፤ ቅርንጫፉ ደግሞ ሙሉ ቀን የሚያስኬድ ሩቅ ከተማ ነው። እማዬ ሌባ ገባብኝ ብላ ቤቱን በአንድ እግሩ አቆመችው። ደውዬ ምን እንደተገዛ ስጠይቅ ዳቦና ሁለት ጣሳ ሰርዲን አሉኝ፤ ያው የአንተ የዘወትር ራት። ይህን ስትሰማ ቁጭ አለች። “ሌባ አይደለም፤ ልጄ ነው” አለችና አለቀሰች። ዕንባዋ ሳይደርቅ ደግሞ በሰርዲን ብቻ ሆዱን ሊያደርቅ ነው ብላ ትሰድብህ ጀመር።

ከዚያ ወዲህ ነጥብ መልቀም ሥራዋ ሆነ። ወረፋ ላይ ቁጥር ያላስመዘገበ ሰው ካየች ጠጋ ብላ፣ ካላስቸገርኩዎት የእኔን ቁጥር ይንገሩልኝ ትላለች። ፀጉር አስተካካያችን ምላጩን፣ ነርሷ ጎረቤታችን የመንታዎቿን ዳይፐር፣ ከታች ያለው ጡረተኛ የውሻውን ምግብ፣ እኔም የምሰፋበትን ክር ሳይቀር የምንገዛው በእሷ ቁጥር ነው። ለምን እንደምታጠራቅም ለማንም አልተነፈሰችም። ባለፈው ጊዜ ሱፐርማርኬቱ ጠርቶ ታማኝ ደንበኛ ነዎት ብሎ ጃንጥላ ሸለማት። ሥራ አስኪያጁ ዳይፐሩንም፣ ምላጩንም፣ የውሻውንም ምግብ አይቶ ነው መሰለኝ ስንት ቤተሰብ እንዳላት ጠየቃት። አራት ነን ብትለው ሰውዬው ግራ ገባው።

ከአባዬ ግን ደበቅነው። መኪናውን ሳታስፈቅደው ወስደህ ከግንብ ጋር ካላተምካት ወዲህ ስምህ ሲነሳ ብድግ ብሎ ይወጣል። “ዓይኑን እንዳላይ” ሲል አንተም ሰምተኸዋል። ካወቀ ቁጥሩን ያዘጋዋል ብለን ፈራን። መልእክት ሲመጣ እማዬ ስልኳን ይዛ ጓሮ ትገባለች፤ ከነጥቡ መቀነስህን ካየች ራቷን ትበላለች፤ ቀናት ከጠፋህ ግን ሳህኗን ገፋ ታደርጋለች። ይህን የምጽፍልህ እንድትጨነቅ ሳይሆን እንድታውቀው ነው።

አሁን ግን ሱፐርማርኬቱ ይህን የነጥብ ነገር ሊያቆመው ነው። እስከ ወሩ መጨረሻ ያልተጠቀሙበት ይቃጠላል የሚል ማስታወቂያ በሩ ላይ ለጥፈዋል። እማዬ አንብባው ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። ያስጨነቃት የነጥቡ መቃጠል አይደለም። ከእንግዲህ በሕይወት መኖርህን በምን እንደምታውቅ ነው የጠፋት። እኔም ብሆን ናፍቀኸኛል፤ የምሰድበው ሰው አጥቼ አፌ ዛገ።

ትናንት ወደ ሥራ ስሄድ እዚህ ሰፈራችን ያለው ቅርንጫፍ ጎራ አልኩና፣ እዚያው ባንኮኒ ላይ የአገር አቋራጭ አውቶብስ ትኬት ይሸጣሉና፣ በነጥብ ይቻል እንደሆነ ካሸሯን ጠየቅኳት። ቁጥሩን ስነግራት ቀና ብላ አየችኝ።

“ከትናንት ወዲያ አንድ አባት በዚሁ ቁጥር ይህንኑ ጠይቀውኛል። ይቻላል፣ ነጥቡም ይበቃል ብያቸዋለሁ” አለችኝ።

ምን ዓይነት ሰው ናቸው ብላት፣ መነጽራቸውን በክር ያሰሩ፣ ሲያስሉ ፊታቸውን የሚያዞሩ አለችኝ። ሁልጊዜ ይመጣሉ፤ ባትሪና ሳሙና ይገዛሉ፤ ቁጥሩን በቃላቸው ነው የሚነግሩኝ አለች። እኔማ ቆሜ ቀረሁ። የገዛ ስልኩን ቁጥር እንኳ ከወረቀት ላይ የሚያነበው አባዬ! እኛ ጓሮ ለጓሮ ስንሹለከለክ እሱ ለካ ከመጀመሪያው ጀምሮ ያውቅ ኖሯል።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ዳቦና ሰርዲኑን ተወውና ትኬት ግዛ። ምን ብዬ እጽፍላቸዋለሁ ብለህ አትጨነቅ፤ ትኬቱን ስትቆርጥ መልእክቱ እዚህ ይደርሳል።

እማዬ ዓይኖችህን ስማለች። ነርሷ ከነመንታዎቿ ሰላም ብላሃለች፤ መንታዎቹ መሄድ ጀምረዋል፣ እሷ ደግሞ መቀመጥ ትታለች። ፀጉር አስተካካዩ ጭንቅላትህን ሌላ ሰው ከነካው እንደሚጣላህ ንገሪልኝ ብሏል። ታናሽ እህታችን ከአልጋህ ላይ ልብሷን ማንሳት ጀምራለች። አባዬ ይህን ስጽፍ አይቶ አለፈኝ፤ ሰላም በይልኝ አላለም። በሩ ጋ ሲደርስ ግን ቆመና ሳይዞር፣ “አውቶብሱ ማታ ነው የሚገባው፤ እኔ ጣቢያ እጠብቀዋለሁ” አለኝ።

እህትህ
ከቤታችን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ