«ደህና ነኝ» የማያሳምናቸው ነርስ፦ ሲስተር አክሱማዊት ገብረ ኪዳን

ሲስተር አክሱማዊት ገብረ ኪዳን ከአባታቸው ከአቶ ገብረ ኪዳን ወልደ ሰንበት እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዓለምፀሐይ ተፈራ በጥቅምት ወር 1964 ዓ.ም. በደሴ ከተማ ተወለዱ። የክርስትና ስማቸው ወለተ ሥላሴ ነው። እናታቸው ሲያወሩ እንደሰማነው፣ ገና ዳዴ ሲሉ ጀምረው በር በተንኳኳ ቁጥር የሚደነግጡ፣ አባታቸው ከሥራ ካልገቡ እህል የማይቀምሱ ሕፃን ነበሩ። ድንጉጥነታቸው አብሯቸው አደገ እንጂ አልቀነሰም።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው ደሴ አጠናቀው በ1982 ዓ.ም. ነርስነት ሊማሩ አዲስ አበባ ገቡ። አስተማሪያቸው ሲስተር ሰናይት የተማሪን ጠባይ በዓይን መዝነው የሥራ ክፍል የሚመርጡ ሴት ነበሩ። ቆፍጣናዋን ወደ ድንገተኛ፣ ዝምተኛዋን ወደ ቀዶ ሕክምና፣ ሆደ ሰፊዋን ወደ ሕፃናት ክፍል ይልካሉ። የአክሱማዊት ተራ ሲደርስ ግን ራሳቸውን ነቀነቁና «አንቺን ድንገተኛ ክፍል ባስገባሽ ሕመምተኛው ሁለት ይሆናል፤ አንዱ አልጋው ላይ፣ አንዷ አጠገቡ» አሉ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አክሱማዊትም አብረው ሳቁ፤ ቃሉ ግን ከውስጣቸው አልወጣም። በ1985 ዓ.ም. ተመርቀው ክትባት ክፍል ተመደቡ። እዚያም ማቀዝቀዣው ቅዝቃዜውን መጠበቁን ለማየት በሩን ደጋግመው ስለሚከፍቱ፣ ባልደረቦቻቸው «የሚያሞቁትስ እርስዎ ነዎት» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

በ1990 ዓ.ም. ከአቶ ክፍሌ ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋብተው ፌቨንንና ኢዩኤልን አፈሩ። አቶ ክፍሌ በፖለቲካ ምክንያት አገር ለመልቀቅ ሲገደዱ፣ ሲስተር አክሱማዊትም በ1999 ዓ.ም. ልጆቻቸውን ይዘው አብረዋቸው ካይሮ ገቡ። የነርስነት ፈቃዳቸው እዚህ ስለማይሠራ በሄሊዮፖሊስ የአንዲት አሮጊት መዳም አስታማሚ ሆነው ተቀጠሩ። መኖሪያቸው ከካይሮ ዳር ያለው 6ኛ ኦክቶበር ነውና መንገዱ ረጅም ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ያስረዝሙታል። ማይክሮባሱ ገና ከሰፈር ሳይወጣ አንቡባው፣ የጋዙ ሲሊንደር፣ አለመዘጋቱ ይታያቸውና፣ «ዓላ ገንብ!» ብለው ሾፌሩን አስቁመው ይወርዳሉ። አንቡባው ሁልጊዜም ተዘግቶ ይገኛል። እሳቸው ግን በማግስቱም ይወርዳሉ።

ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ነገር የሆነው በ2008 ዓ.ም. ነው። ሞሃንዲሲን ሰፈር በሰው ቤት የምትሠራ ፅዮን የምትባል ልጅ ሆዷን አሟት ስደተኞች ወደሚታከሙበት ክሊኒክ ሄደች። ሐኪሙ በአረብኛ እንዴት እንደሆነች ጠየቃት። ፅዮንም እንዳሳደጓት «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለች። አስተርጓሚው አቶ ሙክታር ቃል ሳያጓድሉ «ኩወይሳ፣ አልሐምዱሊላህ» ብለው አስተላለፉ። ማንም አልዋሸም፤ ማንም አላጠፋም። ማስታገሻ ተሰጣት፣ «ኸላስ፣ አለቀ» ተባለች፣ ወጣች። ሲስተር አክሱማዊት ኢዩኤልን ሊያሳክሙ መተላለፊያው ላይ ተቀምጠው ነበር። ልጅቱ ደረጃውን ስትወርድ አንድ እጇ ብረቱን፣ አንድ እጇ ቀኝ ጎኗን እንደያዘ አዩ። ኢዩኤልን ለማያውቁት ሰው ጥለው፣ ልጅቱን ክንዷን ይዘው ወደ ሐኪሙ መለሷት። «እኛ አገር ደህና ነኝ ሰላምታ ነው፤ መልስ አይደለም» ብለው በሰባራ አረብኛቸው አስረዱ። ሐኪሙ «ማሌሽ፣ ማሌሽ» እያለ ይቅርታ ጠይቆ ዳግመኛ መረመራት። ትርፍ አንጀቷ ሊፈነዳ ደርሶ ነበር፤ በዚያው ቀን ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ፅዮን ዛሬ እዚህ መካከላችን ቆማለች።

ከዚያ ወዲያ ክሊኒኩ የሚገባውን ሕመምተኛ ቀድመው እንዲጠይቁ በር ላይ አስቀመጣቸው። እሳቸውም ሕመምተኛን እንዴት ነሽ ብለው ጠይቀው አያውቁም። «ትናንት በየትኛው ጎንሽ ተኛሽ?» ይሉ ነበር። አመመኝ ማለት የሚያሳፍራት ሴት ይህን ስትጠየቅ ሳታስበው እውነቱን ትናገራለች። እርግጥ ነው፣ ካስደነገጧቸው ሕመሞች አብዛኛው የጨጓራ ነገር ሆኖ ይገኝ ነበር፤ ሐኪሞቹም አንዳንዴ ይሰለቹባቸው ነበር። ስጋቱ ቤትም አብሯቸው ይገባል። ወደየሐኪሙ የላኳትን ሴት ሁሉ እያሰቡ እንቅልፍ ያጡ ነበር፤ ይህም ጠባይ ለልጃቸው እንዳይተርፍ በብርቱ ይፈሩ ነበር።

ተረፈላትም። ፌቨን እንደ እናቷ ነርስነት ተምራ ባለፈው ዓመት ስትጨርስ፣ ተመራቂዎቹ የሥራ ክፍል ከመምረጣቸው በፊት ትምህርት ቤቱ የጠባይ ፈተና ሰጣቸው። ውጤቱ ስጉ እንደሆነችና ረጋ ያለ ክፍል እንደሚሻላት ተናገረ። ፌቨን ግን ድንገተኛ ክፍልን ፈለገች። ሲስተር አክሱማዊት ይህን ሲሰሙ፣ «ዓይን ሕክምና ግቢ ልጄ፤ ዓይኑን አሞት በድንገት የሞተ ሰው የለም» እያሉ ለመኗት። ሲስተር ሰናይት የተናገሩት ቃል ልጃቸው ላይ የሚፈጸም መሰላቸው። ፌቨንም የእናቷ ፍርሃት እየተጋባባት ማመንታት ጀመረች።

ኅዳር 2017 ዓ.ም. ምርጫዋን በምታሳውቅበት ሳምንት፣ ከምትኖርበት ከሄሊዮፖሊስ ለእናቷ ደወለች። «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሏት። የልባቸው በር፣ ቫልቩ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ የተጎዳ መሆኑን፣ እግራቸውም ማበጡን ያውቁ ነበር፤ ልጃቸው እንዳትደነግጥባቸው ብለው ሸሸጉ። ፌቨን ግን ንግግራቸው መሐል ላይ መቆራረጡ አሳሰባት። «እማዬ፣ ትናንት በየትኛው ጎንሽ ተኛሽ?» አለቻቸው። የራሳቸው ጥያቄ ነውና መሸሻ አጡ፤ «ወንበር ላይ ተቀምጬ» አሏት።

ማይክሮባስ ይዛ ስትበር መጣች። ሆስፒታል ሲደርሱ ሐኪሙ እንዴት እንደሆኑ ቢጠይቃቸው፣ ሰውን ሁሉ ሲያስተምሩ የኖሩት ሴት «ኩወይሳ» አሉት። ፌቨን «እንዳታምናት፣ እናቴ ናት» ብላ ያደረውንና የዋለውን ሁሉ ነገረችው። ሳንባቸው ውሃ ቋጥሮ መጋደም ከልክሏቸው ነበር፤ ቢዘገዩ ኖሮ እንደማይተርፉ ተነገረን። በማግስቱ ትንፋሻቸው ሲመለስ ልጃቸውን አስጠርተው፣ «አንቺም እንደኔ ድንጉጥ ነሽ። ድንገተኛ ክፍል ግቢ» አሏት። ፌቨን አሁን እዚያው ትሠራለች፤ እሷ ተረኛ በሆነች ቁጥርም እናቷ እስኪነጋ ሲጨነቁላት ቆዩ።

ሲስተር አክሱማዊት በሐኪም ሲረዱ ቆይተው ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ53 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸውን አቶ ክፍሌን፣ ልጆቻቸውን ፌቨንንና ኢዩኤልን፣ በካይሮ ያፈሯቸውን ብዙ እኅቶችና ወንድሞች በብርቱ ኀዘን ላይ ጥለው ሄደዋል።

ለማጽናናት የመጣችሁ ወገኖቻችን፣ ውለታችሁን እግዚአብሔር ይክፈልልን። አንድ ነገር ብቻ እንለምናችኋለን። ፌቨንን እንዴት ነሽ ብላችሁ አትጠይቋት፤ ደህና ነኝ ትላችኋለች። በየትኛው ጎኗ እንደተኛች ጠይቁልን። እናቷን ግን ያ ሁሉ ስጋት በማይደርስበት፣ ማንም ደርሶ በር በማያንኳኳበት ስፍራ፣ እግዚአብሔር ጎናቸውን ያሳርፍልን። አሜን።