ጨዋዋ እናኑ

ሰኞ

ዛሬም ልጆቹ ጭንቅላቴን አዞሩት። ትምህርቱ ስለ መስማት ነበር። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እኔ ከኋላቸው ጣሳ ውስጥ በቆሎ አንኮሻኮሽኩ፣ ቁልፍ አቃጨልኩ፣ ወረቀት ቀደድኩ። «መምህርት ደብተሯን ቀደደች» ብለው ሲንጫጩ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። አንዱ ደግሞ ቁልፉን የበግ ቃጭል ነው ብሎ ድርቅ አለ።

እናኑ ብቻ ዝም። የክፍሉ ጨዋ እሷ ናት፤ ሳናግራት አንገቷን ደፍታ እግሬን ነው የምታየው። ጨዋታው አልቆ ሁሉም ወደ ወንበሩ ሲሮጥ እሷ ዓይኗን እንደጨፈነች ግድግዳው ጋ ቀረች። ደጋግሜ ጠራኋት። ትከሻዋን ስነካት ክው አለች።

ማክሰኞ

በእረፍት ሰዓት ከኋላዋ ሆኜ አጨበጨብኩ። ዞርም አላለች። ከፊቷ ተንበርክኬ፣ ቀና አድርጌያት፣ ጮክ ብዬ ቁርስ ምን እንደበላች ጠየቅኳት። አፌን ትክ ብላ አየችና «ድንች» አለች። እኔ ጨዋ እያልኩ ሳሞግሳት የከረምኩት ልጅ ለካ አትሰማኝም!

ወደ ማታ አያቷ ልጅቷን ሊወስዱ መጡ። ቄስ ናቸው፤ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ገና ሳልጀምር ቀደሙኝ፤ ትምህርቱ ስላልገባት ከሰኞ ጀምሮ ቤት ትዋል፣ ጥጃ ትጠብቅ አሉ። ጆሮዋ ይመስለኛል፣ አፌን እያየች ነው የምትረዳኝ አልኳቸው። ተቀየሙኝ።

«እኛ ቤት ልጅ ሲያናግሩት መሬት መሬት ነው እሚያይ። የትልቅ ሰው አፍ ላይ እሚያፈጥ ስድ ነው።»

ሐሙስ ክፍል ገብተው እንዲያዩ ለመንኳቸው። እሺም እንቢም ሳይሉ ሄዱ።

ረቡዕ

ጉንፋን። መስማት እያስተማርኩ ድምፄ ተዘጋ፣ ጉድ እኮ ነው። ልጆቹ እኔ ስላንሾካሾክሁ እነሱም ቀኑን ሙሉ ሲያንሾካሹኩ ዋሉ። እንዲህ ዝም ብለውልኝ አያውቁም። አባ ባይመጡስ? እናኑን ዛሬ ከፊት ወንበር አስቀመጥኳት።

ሐሙስ

መጡ! በልጆቹ አግዳሚ ላይ ጉልበታቸው ደረታቸውን እስኪነካ ተቀመጡ። ልጆቹን ግድግዳው ጋ አቆምኩና አባ ራሳቸው ከኋላ እንዲጠሯት ጠየቅሁ።

«እናኑ» አሉ። ቀጥለው ጮክ አሉ። ልጆቹ ሁሉ ዞሩ። እሷ ዓይኗን ጨፍና፣ እጆቿን አጣምራ፣ በትዕግሥት ትጠብቃለች። አንጀቴን በላችው።

አባ «እሺ አትለኝም እያልሁ ስቆጣት ነው የከረምሁ» አሉና በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

ዓርብ

ቡሬ ጤና ጣቢያ ሦስታችንም ሄድን። ሁለቱም ጆሮዎቿ ውስጥ መግል አለ። መድኃኒት ተሰጣት፤ ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታልም መላኪያ ወረቀት ተጻፈላት። መስማቷ ምን ያህል እንደሚመለስ ነርሷ አሁን መናገር አልችልም አለች። እኔም ፈርቻለሁ። ግን ቢያንስ አወቅን።

ስንመለስ የተሳፈርንበት ባጃጅ ሞተሩ ጆሮ የሚያደነቁር ነበር። እናኑ በመሃላችን አቀርቅራ ተቀምጣለች። አባ ጎንበስ ብለው በጣታቸው አገጯን ከፍ አደረጉ።

«ቀና በይ ልጄ። አፌን እይ።»

ፈቃድ እንደምትጠይቅ ሁሉ መጀመሪያ እኔን አየችኝ። ራሴን ነቀነቅሁላት። ከዚያ እሳቸውን ትክ ብላ አየቻቸው። ሰኞ ትምህርት ቤት ትሄጃለሽ አሏት።

«ጥጃዋስ?» አለች፣ ጮክ ብላ።

አባ መለሱላት። በሞተሩ ጩኸት ምን እንዳሉ እኔ አልሰማሁም። እናኑ ግን አይታ ሳቀች።